ያውቁ ኖሯል? ማስክ ወንፊት አይደለም

ማስክን እንደ ዱቄት ወንፊት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። «ኤን95 ማስክ የሚፈተነው በ0.3 ማይክሮን ቅንጣት ነው፤ የኮሮና ቫይረስ ግን 0.1 ገደማ ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል» የሚለው ክርክርም አሳማኝ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሆኖም በአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም (ኒዮሽ) ፈተና ከሚረጩት የጨው ቅንጣቶች በቁጥር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ0.1 ማይክሮን ያነሱ ናቸው፤ ማስኩ ቢያንስ 95 በመቶውን መያዝ አለበት። ደቃቅ ቅንጣት በአየር ሞለኪውሎች እየተገፋ ወዲያ ወዲህ ስለሚዋልል የማስኩን ክር ሳይነካ ማለፍ ይከብደዋል። (ቫይረሱም ቢሆን ብቻውን አይበርም፤ ከትንፋሽ ጠብታ ጋር ነው የሚወጣው።) ከሁሉ በላይ ግን መካከለኛው የፖሊፕሮፒሊን ንብርብር ሲመረት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚሰጠው ቅንጣቱን ወደ ክሩ ይስበዋል።

አልኮል ይህን ቻርጅ ያጠፋዋል፤ የሳሙና እጥበትም ያዳክመዋል። ታጥቦ የደረቀ ኤን95 ሳይቀደድና ሳይጠብ፣ ለዓይን አዲስ እየመሰለ የማጣራት አቅሙ ይወርዳል። «95 በመቶ ካጣራ 95 በመቶ ይጠብቀኛል» ማለትም አያስኬድም፦ በፈተናው ማስኩ ዙሪያው ታሽጎ በደቂቃ 85 ሊትር አየር ያልፍበታል፤ ጢም ባለበት ፊት ላይ ግን አየሩ በጎን በኩል ሳይጣራ ይገባል።