አሮጌው ኮምፒውተር አልሞተም፦ ሊኑክስን ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ መጫን

በእርዳታ የሚመጡልን ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ለዓመታት ያገለገሉ ናቸው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ብዙ አሮጌ ማሽኖች ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ታዲያ ይጣሉ? በፍጹም! ሊኑክስ ቢጫንባቸው ገና ብዙ ተማሪ ያስተምራሉ።

ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ በሚባል የፊንላንድ ተማሪ ተጀመረ። ዋጋ አይከፈልበትም፤ አንዱን ቅጂ ለመቶ ኮምፒውተር መጠቀም ይቻላል፣ ሕገ ወጥም አይደለም። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንት እየተባለ በብዙ ዓይነት ይዘጋጃል። ለአሮጌ ማሽን ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ይላል። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም (4 ቢሆን ይሻላል)፣ 20 ጊጋ የዲስክ ቦታና 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል።

«ላይቭ» ማለት ምን ማለት ነው? ሲስተሙ ከፍላሹ ተነስቶ በራም ላይ ይሠራል ማለት ነው። እናንተ ካላዘዛችሁት በቀር ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ደህና አድርጋችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ ፋይል አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ የተጠቀሙበትን ሁሉ ጠይቁ። ከአገሩ ሲወጣ የያዘውን የትምህርት ማስረጃ ስካን አድርጎ እዚያው ያስቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ምናልባትም ሌላ ቅጂ የለውም። ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና ፋይሉ መከፈቱን እዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

2. ፍላሹን አዘጋጁ። የሊኑክሱ ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ሌላው ከእሱ ይገልብጥ፤ ሁሉም ባንድል እየገዛ ማውረድ የለበትም። ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን ኤስኤችኤ256 በሚባለው የቁጥርና የፊደል ምልክት አመሳክሩ። ፋይሉን እንደ ሙዚቃ ኮፒ ፔስት ማድረግ ግን አይሠራም! ሩፈስ ወይም ኤቸር በሚባል ፕሮግራም መጻፍ አለበት። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ አስቀድማችሁ አውጡት።

3. ከፍላሹ አስነሱ። ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ሲበራ ወዲያው የማስነሻ ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው። ከዚያ ፍላሹን ምረጡ።

4. ፈትሹ። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ አለ? ኪቦርዱና ማውሱ ይታዘዛሉ? አንዱ እምቢ ካለ አሁን ማወቁ ይሻላል።

5. ጫኑ። በስክሪኑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ክፈቱ። ቋንቋና ኪቦርድ ከመረጣችሁ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለው ሁለቱንም ያቆያል፤ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ዊንዶውሱንም ፋይሉንም ጠራርጎ ያወጣል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። የትኛው ዲስክ እንደሆነ በመጠኑ ለዩ፦ 250 ወይም 500 ጊጋ የሚለው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ 8 የሚለው ፍላሻችሁ ነው። ሌላ የተሰካ ዲስክ ካለ ንቀሉ። ካልገባችሁ ወደ ኋላ ተመለሱና የሚያውቅ ሰው ጥሩ፤ የመጨረሻውን ማረጋገጫ እስካልሰጣችሁ ድረስ ምንም አልጠፋም።

6. ስምና የይለፍ ቃል ስጡ። ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈውን ምርጫ ከወሰዳችሁ ቃሉን አትርሱ፤ ከጠፋ ፋይሉ አይገኝም። ሲያልቅ «እንደገና አስነሳ» ይላል፤ ፍላሹን ንቀሉ ሲላችሁ ንቀሉ።

ስለ መብራትም አስቡ። በተለይ ከዊንዶውስ ጎን ሲጫን፣ ዲስኩ እየተከፈለ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ዴስክቶፕ ከሆነ ጄኔሬተሩ ወይም ሶላሩ የማይቋረጥበትን ሰዓት ምረጡ። መጫኑ መሃል ላይ ቢቋረጥ ማሽኑ አልሞተም፤ ከፍላሹ አስነስታችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። የሚያሳዝነው ቅጂ ያልተያዘለት ፋይል ብቻ ነው።

በአማርኛ ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ፕሮግራም ጨምሩና ከቅንብሩ አማርኛን ምረጡ፤ በላቲን ፊደል እየመታችሁ ፊደላችን ይወጣል። ሊብሬ ኦፊስ አብሮ ስለሚመጣ ደብዳቤና የውጤት ሠንጠረዥ በዚያው ቀን መሥራት ትችላላችሁ። ፍላሹንም አታጥፉት፤ ነገ ዊንዶውሱ እምቢ ያለው ጎረቤት ሲመጣ በላይቭ አስነስታችሁ ፋይሉን ታወጡለታላችሁ።

መልካም ሥራ!