ያውቁ ኖሯል? 251 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 253 ግን አይደለም

ከጅቡቲ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው የሚጠቀምበት የኢትዮጵያ መለያ 251 ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ለማረጋገጥ በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ማካፈል ይበቃል፤ ቀጣዩ 17 በራሱ ሲባዛ 289 ስለሚሆን ከ251 ያልፋል።

የጅቡቲ መለያ 253 ግን የ11 እና የ23 ብዜት ነው።

ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም፤ ይህን ኢዩክሊድ ከ2,000 ዓመታት በፊት አረጋግጧል። በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ያገኘው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዞች አሉት። የሚገኘውም 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ነው። የሚገርመው፣ 136,279,841 ራሱም ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ትልቁም ቁጥር ብቸኛ ሊሆን አይችልም ነበር።

ብቸኛ ቁጥሮች በኢንተርኔትም ያገለግላሉ። ጅቡቲ ከተማ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎች መድረሻ ናት። በእንዲህ ያሉ መስመሮች የሚያልፉ ምስጢራዊ መልእክቶችን ከሚጠብቁት ስልቶች አንዱ አርኤስኤ ይባላል፤ 300 ያህል አኃዝ ያላቸውን ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ያባዛል። ማባዛቱ ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው፤ ከብዜቱ ተነስቶ ሁለቱን ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ባለ 250 አኃዝ የአርኤስኤ ቁጥር መፍታት ችለዋል፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ግን 617 አኃዞች አሉት።