መርከብ በሌለበት ቀን የሚቀዳ ውሃ

ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን የመዝናኛ መርከብን የሚያውቁት በተሳፋሪው ነው። ፒር 66 ወይም ፒር 91 ላይ አንዱ የአላስካ መርከብ ሲቆም ባለታክሲው በሻንጣ ይጥለቀለቃል። ጠርሙስ ይዘው ወደ ኤልየት ቤይ ውሃ የሚያጎነብሱትን በጎ ፈቃደኞች ግን ልብ የሚላቸው የለም።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ነዋሪዎች ውሃ ይቀዳሉ፣ ያስመረምራሉ፣ ክፉ ነገር ካዩ ለመንግሥት ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ፑጀት ሳውንድኪፐር የተባለው ድርጅትም በጎ ፈቃደኞቹን በካያክ ለቅኝት ያሰማራል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደገመተው፣ 3,000 ሰው የያዘ መርከብ በሳምንት 210 ሺህ ጋሎን ያህል የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ያህል ደግሞ የመታጠቢያ፣ የወጥ ቤትና የልብስ እጣቢ ያወጣል። ኤልየት ቤይ በሚገኝበት በፑጀት ሳውንድ ውስጥ የሽንት ቤት ፍሳሽ መልቀቅ፣ ታክሞም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክልክል ነው። ክልከላው ግን እጣቢውን አይነካም፤ ስለ እሱ ወደቡ፣ ግዛቱና የመርከብ ኩባንያዎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ስምምነት ተፈራርመዋል። ጭሳቸውን በባሕር ውሃ የሚያጥቡ መርከቦችም አሉ፤ ያ ውሃ አሲዳማ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ባለታክሲ ወዳጄ «መርከቡ ሲመጣ ቅዱ፤ ቆሻሻ ከሆነ ተያዘ ማለት ነው!» ብሎኛል። ኧረ አልተያዘም! ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የዌስት ፖይንት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በውሃ ተጥለቅልቆ ተበላሽቶ ወደ 235 ሚሊዮን ጋሎን የሚጠጋ የዝናብ ውሃና ያልታከመ ፍሳሽ ባሕር ገብቷል። የመርከቦቹ ወቅት ገና አልጀመረም ነበር። ከተማው ራሱ ያቆሽሻል፤ ዝናብ የመንገዱን እድፍ ይዞ ይወርዳል፤ የባሕር ወፍ ኩስም በውሃው ውስጥ የሚመረመረውን የኢንተሮኮከስ ባክቴሪያ ቁጥር ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ መርከቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ቆሞ ሳለ፣ ከሄደም በኋላ ይቀዳል። ከመርከቡ ራቅ ካለ ቦታም ይቀዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደቡ ባዶ በሆነበት፣ ፎቶ የሚያነሳ በሌለበት ተራ ማክሰኞ ይቀዳል። ዳኛ ፊት መርከቡን የሚከሰው ወይም ነጻ የሚያወጣው ያ የማክሰኞ ጠርሙስ ነው። ታዲያ መርከብ በቆመ ቀን ሃያ ሰው ይመጣል፣ ማክሰኞ ግን ሁለት። ትንሽ ቢያሳፍረን ጥሩ ነበር።

የሚመጡትም ቢሆኑ ጠርሙሱን ለቅለቅ ማድረግ ይወዳሉ። የቤት አመል ነው፤ እዚህ ግን ከጀርም የጸዳን ዕቃ ማበላሸት ነው። ክዳኑን ከውስጥ በኩል በጣት መንካትም እንዲሁ። ጠርሙሱ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ፣ አፉ ወደ ፍሰቱ ዞሮ ይሞላል፤ በረዶ ውስጥ ገብቶም በስድስት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ውሃው እዚያ መመርመሪያ ተጨምሮበት አንድ ቀን ሙሉ ሙቀት ውስጥ ይቆይና ባክቴሪያው ካለበት በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል።

ሰዓቱን በጠርሙሱ ላይ ስትጽፉም እባካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። አንዲት ትጉህ እህታችን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀድታ «3:00» ብላ ጻፈች። ላቦራቶሪው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ቆጠረውና ጊዜው አልፎበታል ሲል መለሰው። ያውም የማክሰኞ ጠርሙስ ነበር።