የግቢ ቅርጫት ኳስ፦ ሦስትና አራት ሆኖ መለማመድ በጎንደር

የግቢ ቅርጫት ኳስ ልምምድ ሦስት ወይም አራት ሰዎች በመኖሪያ ግቢ አንድ ቀለበት ተክለው የጨዋታውን መሠረታዊ ክህሎቶች ተራ በተራ የሚደጋግሙበት ሥልጠና ነው። በጎንደር ከተማ የተስተካከለ ሜዳ በአብዛኛው በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ፣ የሰፈር ታዳጊ በየቀኑ ኳስ ሊነካ የሚችለው በራሱ ወይም በጓደኛው ግቢ ነው። ሙሉ ጨዋታ 28 በ15 ሜትር ሜዳና 10 ተጫዋች ይፈልጋል፤ ለልምምድ ግን የሰው ማነስ ጥቅም አለው። በአንድ ኳስ 10 ሰው ሲጫወት የአንዱ ድርሻ በአማካይ የጊዜው አንድ አሥረኛ ነው፤ ሦስት ሲሆኑ ሲሶው ይደርሰዋል።

ጨዋታው ራሱ ከቦታ ጥበት የተወለደ ነው። ካናዳዊው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካዋ ስፕሪንግፊልድ፣ ብርዱ ደጅ ላላስወጣቸው ተማሪዎች መጫወቻ ሲያፈላልግ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች አዳራሽ ውስጥ ሰቅሎ 13 ሕጎች ጻፈላቸው። ያስተምርበት የነበረው የማሠልጠኛ ተቋም በእኛ አገር ወወክማ ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ማኅበር ነበር። ሦስት ለሦስት የሚባለው ዓይነትም ዛሬ የራሱ ሕግ አለው፦ አንድ ቀለበት፣ 15 በ11 ሜትር ሜዳ፣ 10 ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ። በቶኪዮ ኦሊምፒክም እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሂዷል።

የግቢ ልምምድ የሚበላሸውም የሚቃናውም ቀለበቱ ሲተከል ነው። የውስጥ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ 1 ሜትር ከ46 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በብየዳ ቤት ክብ ሲደረግ ይህንኑ ልክ ይሰጣል። ከመሬት ከፍታው 3.05 ሜትር ነው፤ የጎንደር ግቢ ብዙ ጊዜ ተዳፋት ስለሆነ የሚለካው ከቀለበቱ ሥር ካለው መሬት ተነሥቶ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት የ15 ሳንቲ ሜትሩን ክፍተት ነው፦ ለሰሌዳው በጣም ቅርብ በሆነው የቀለበቱ ጠርዝና በሰሌዳው መካከል ይህ ያህል ርቀት ከሌለ፣ ሰሌዳ ነክቶ የሚመለስ ኳስ ቀለበቱን ማግኘት ያቅተዋል። ምሰሶው ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትር ያህሉ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ የሚቀበረው ክፍል ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ሰሌዳው ከጣውላ ይሠራል፤ ከሙሉው ልክ፣ ከ1.80 በ1.05 ሜትር፣ ቢያንስም አይጎዳም።

ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል። ጠፍጣፋ ያልሆነ ድንጋይ ላይ፣ ለምሳሌ ኮብልስቶን በተነጠፈበት፣ ኳስ ወዴት እንደሚነጥር ስለማይታወቅ ማንጠር መማር አይቻልም። በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር በበጋ ያገለግላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ግን ጭቃ ይሆናል፣ ያኔ ልምምዱ ወደ በረንዳ ገብቶ ቅብብልና የእግር ሥራ ብቻ ይቀራል። የኳሱ አየር ልክ መሆኑን ለማወቅ ከ1.80 ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፤ ነጥሮ አናቱ 1.20 እና 1.40 ሜትር መካከል ከደረሰ ደህና ነው። በመተማ ቆላ የተነፋ ኳስ ጎንደር ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ይጠነክራል። ደባርቅ ላይ ውጭ ያደረ ኳስ ደግሞ በማለዳው ብርድ ይሞታል፤ ከመንፋት በፊት ቤት ውስጥ ማሞቅ ይበቃል።

ልምምዱ ከማንጠር ይጀምራል። ኳሱ በጣቶች እንጂ በመዳፍ አይመታም፤ ዓይንም ወደ ታች አይወርድም። ለዚህ አንዱ ጓደኛ ፊት ለፊት ቆሞ ጣቶቹን እያወጣ ያሳያል፣ የሚያነጥረው ቁጥሩን ይጠራል። ደካማው እጅ፣ ለአብዛኛው ሰው ግራው፣ ከቀኙ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ቅብብል ይመጣል። ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ቆመው መጀመሪያ በደረት፣ ከዚያ መሬት አስነጥረው ይቀባበላሉ፤ የሚነጥረው ኳስ መሬት የሚነካው ከርቀቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው። አራተኛ ሰው ካለ መሐል ገብቶ ለመቀማት ይሞክራል።

የልምምዱ እምብርት ሰጥቶ መቀበል ነው። አንዱ ኳሱን አቀብሎ ሳይቆም ወደ ቀለበቱ ይሮጣል፤ ተቀባዩ ይመልስለትና ሌይ አፕ፣ ማለትም ቀለበቱ አጠገብ ዘልሎ በአንድ እጅ የሚገባውን ኳስ፣ ያገባል። በቀኝ በኩል ሲመጣ የመጨረሻው መነሻ እግር ግራው፣ የሚያስገባው እጅ ቀኙ ነው፤ በግራ ይገለበጣል። ቦታ መልቀቅን፣ ጊዜ መምረጥንና ጓደኛን ማመንን በአንድ እንቅስቃሴ የሚያስተምር ሌላ ልምምድ የለም ማለት ይቻላል። ውርወራ የሚጀመረው ከቀለበቱ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ የተመለሰውን ያነሣል፣ አንዱ ያቀብላል፤ ከአሥር ውርወራ በኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሰባቱ ካልገቡ ወደ ኋላ መራቅ አያስፈልግም። ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ላይ የሚገኘው የቅጣት ምት መስመር በኖራ ይሠመራል። መከላከል አንድ ለአንድ ይሠራል፦ ጉልበት ታጥፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ ወደ ጎን በመንሸራተት። ማሳረጊያው ሁለት ለሁለት ጨዋታ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ጎንደር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ከቆላ የመጣ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጭር ሩጫና ረዘም ያለ ዕረፍት ይሻለዋል። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ልጆች ከበሉ በኋላ ምግቡ እስኪረጋ ጠብቀው ወደ 11 ሰዓት ገደማ መጀመር አለባቸው።

ዕድሜያቸው እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ቀለበቱ ወደ 2.60 ሜትር መውረድ፣ ኳሱም 5 ቁጥር መሆን አለበት። በአዋቂ ቀለበት የሚጀምር ልጅ ጉልበት ስለሚያንሰው ኳሱን ከወገቡ መወርወር ይለምዳል፣ ልማዱንም ካደገ በኋላ መንቀል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቀለበት የሚተክል ቤተሰብ ምሰሶው ላይ በሁለቱም ከፍታ የብሎን ቀዳዳ ያስበሳ።