የተረሳችው የፊደል ባለውለታ

ስለ ሕትመት ሲወራ ጉተንበርግ ይነሣል፤ ጉተንበርግ ሲነሣ ደግሞ ያ ግዙፍ የእንጨት መጭመቂያ። መጭመቂያው ግን ብርቅ አልነበረም፤ ወይን ጨማቂዎች ከእሱ በፊት ሲገለገሉበት ኖረዋል። «የብረት ፊደልንስ የፈጠረው እሱ አይደለም?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጂክጂ የተባለው የኮሪያ መጽሐፍ በቼንግጁ፣ በሔንግዶክ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1377 በብረት ፊደል ታትሟል። የአውሮፓ ሕትመት ትልቁ ብልሃት ያለው፣ በእኔ እምነት፣ በእጅ በምትያዝ አንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ ነው፤ ፊደል በሚፈስስባት ቅርጽ ማውጫ።

ከእሷ ውጭ ያለው የፊደል ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። በጠንካራ ብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ይቀረጻል። ዘንጉ በመዶሻ ተመትቶ መልኩን መዳብ ላይ ያትማል። የቀለጠው ብረት በዚያ የመዳብ ጎድጓዳ ውስጥ ይፈስሳል። ብረቱ በአብዛኛው እርሳስ ነው፤ አንቲሞኒና ቲን ይቀላቀልበታል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊደላቱ ሁሉ ከእግር እስከ ፊታቸው እኩል፣ 23 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መቆም አለባቸው፤ አንዱ በጥቂቱ ካጠረ ቀለም አይነካውም። ስፋታቸው ግን ይለያያል። «ነ»ንና «ሐ»ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ለእያንዳንዱ የየራሱ ቅርጽ ማውጫ ቢሠራ፣ አንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል መዛነፉ አይቀርም፤ ያኔ መስመሩ ይንጋደዳል። መፍትሔው ማዕዘን ያላቸው ሁለት ብረቶችን አቃቅፎ ማንሸራተት ሆነ። ሲገፏቸው ክፍተቱ ይጠብባል፣ ሲስቧቸው ይሰፋል፤ ሌላው ልክ ንቅንቅ አይልም። መዳቡን ለውጦ፣ ጎኑን አስተካክሎ፣ በአንዲት ዕቃ ሙሉ የፊደል ገበታ ማውጣት ይቻላል።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሞክሰን እ.ኤ.አ. በ1683 ይህን ሙያ በዝርዝር ጽፎታል። አንድ ሠራተኛ በቀን አራት ሺህ ያህል ፊደል ያወጣል ይላል። እኔ ባለሙያ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ፤ ዓይኔ የተተከለው በእጁ ላይ ነበር። በትንሽ ጭልፋ ያፈስስና ወዲያው ክንዱን ወደ ላይ ነጠቅ ያደርጋል። ያ ንጥቂያ ከሌለ ብረቱ ቀጭኑ የፊደል መስመር ውስጥ ሳይደርስ ይረጋል፤ ፊደሉ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። ዕቃዋ በእንጨት የተለበጠችውም እጁን እንዳትፈጀው ነው።

አሁን ይህን ወደ ግዕዝ አምጡት። 26 ፊደል በሰባት ሲባዛ 182፣ ዲቃሎቹ 20 ሲጨመሩ 202። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ተቀርጾ፣ ተመትቶ፣ ፈስሶ ነው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የመጀመሪያው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት የታተመው። ያሳተመው የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ነው፤ ቋንቋውን እዚያው ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ቢማርም «ከለዳዊ» ነው ብሎ ጽፎታል! እ.ኤ.አ. በ1548 አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን ሲያሳትሙ፣ ፊደሉን እየለቀሙ የሚደረድሩት የሮም ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ ስለማይችሉ፣ እሳቸውም የማተም ሙያውን ስለማያውቁ ለስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። ማንበብ የማይችል ሰው ከ202 ክፍል ፊደል ሲለቅም ይታያችሁ።

እዚህ አዲስ አበባ አንድ ጡረተኛ ፊደል ለቃሚን «ጋሼ፣ ተገልብጦ ያለውን ፊደል እንዴት ነበር የሚያነቡት?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሁሉን እያነበብኩ መቼ ይመሻል? አውራ ጣቴ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። በፊደሉ ጎን ላይ ትንሽ ጭረት አለች፤ ጭረቷ ወዴት እንደዞረች ጣት ሲነካ ፊደሉ ቀጥ ማለቱ ይታወቃል። ይህችንም ጭረት የምታወጣው ያችው ቅርጽ ማውጫ ናት።

የፊደሉ ሰውነት እስከ ጭረቷ ድረስ ተጠንቅቆ መሠራቱን ሳስብ የዘመኑ ዲዛይነሮች ትዝ ይሉኛል። መስመር አልሞላ ሲላቸው «ሐ»ን ከሁለት ጎን ጎትተው እንደ ላስቲክ ይለጥጡታል። ይህ ነውር ነው። የእርሳስ ፊደል ለቃሚ መስመር ለመሙላት በቃላት መካከል ባዶ እርሳስ ያስገባል እንጂ የፊደሉን ሰውነት አይነካም። የድሮ ፊደል ያገኛችሁም ለቁልፍ መያዣ ብላችሁ አትብሱት፤ ሲሚንቶ ላይም አትጣሉት፤ ፊቱ ከተጎዳ ዳግም አያትምም። እርሳስም ስለሆነ ነክታችሁት እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

አንትወርፕ የፕላንታን ሞሬቱስ ሙዚየምን የምትጎበኙ ካላችሁ፣ በዓለም ረጅም ዕድሜ ያስቆጠሩት ሁለት ማተሚያዎች ፊት ብዙ አትቆዩ። ፊደል ማፍሰሻው ፎቅ ላይ ነው።