ተጨማሪ መረጃ፦ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ነጥብ ሁሉ ወባ ነው?

የአዊ ዞን ከተሞች ዳንግላም ሆነች እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ወባን የቆላ ጉዳይ አድርጎ መዘናጋት ቀላል ነው። ነገር ግን ቆላማው የጃዊ ወረዳም የዚሁ ዞን አካል ነው፤ ለእርሻ ሥራ ወደዚያ ወርዶ የተመለሰ ሰው ጥገኛ ተሕዋሲውን በደሙ ይዞ ወደ ደጋ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ደጋ ላይም ወባን ከሌሎች ነጥቦች መለየት ያስፈልጋል። በጊምሳ የተቀለመ ስስ የደም ፊልም በማይክሮስኮፕ፣ በዘይትና በ100 እጥፍ ሌንስ ሲታይ፣ የወባ ተሕዋሲ የሆነው የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ቀጫጭን ቀለበቶች መጠኑ ባልተለወጠ ሴል ውስጥ፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ሆነው ይገኛሉ። ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የያዘው ሴል ግን ይተልቃል፤ የሹፍነር ነጠብጣብ የሚባሉ ደቃቅ ሮዝ ነጥቦችም ይታዩበታል።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስተው ሴሉ ላይ ያረፈ ፕሌትሌት ነው። የማይክሮስኮፑን የትኩረት ማስተካከያ በቀስታ ማዞር ይረዳል፤ ፕሌትሌቱና ሴሉ እኩል አይጠሩም። ጥገኛው ቀይ ክሮማቲንና ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም አብረው ይኖሩታል። የሃውል-ጆሊ አካል ግን የኒውክሊየስ ቅሪት ስለሆነ ክብና ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፤ ሰማያዊ የለውም። ጣፊያው የወጣ ወይም የማይሠራ ሰው ደም ውስጥ ይታያል። በመላው ሴል የተበተነ ሰማያዊ ነጠብጣብ ደግሞ የሊድ መመረዝን ሊጠቁም ይችላል።

ሌሎቹ የሴል ውስጥ ነጥቦች፣ የሃይንዝ አካላት፣ ግን በጊምሳ አይታዩም፤ እንደ ክሪስታል ቫዮሌት ያለ፣ ያልደረቀ ደም የሚቀለምበት ማቅለሚያ ይፈልጋሉ። ከተበላሸ ሄሞግሎቢን የሚፈጠሩ ሲሆን፣ የጂ-ሲክስ-ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው የቫይቫክስ መድኃኒት የሆነውን ፕሪማኩዊን ሲወስድ ሊከሰቱ ይችላሉ።