የንጉሥ ልብስ የሚለብሰው ሹም

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዴቭ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ቁርጥ ፕሬዚዳንቱን የሚመስል ተራ ሰው በፕሬዚዳንቱ ወንበር ሲቀመጥ ያሳያል። ሳቁ የሚመጣው አገር ሁሉ ሳይነቃ በመታለሉ ነው። በእኛ ቤተ መንግሥት ግን ይኸው ሥራ ሹመት ነበር፤ ሊቀ መኳስ ይባላል። ሊቀ መኳሱ በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ ይሰለፍ ነበር፤ ጠላት እሱን ንጉሥ መስሎት ሲያሳድድ ንጉሡ ይተርፋል። ማዕረጉ ለታማኝ ባለሟል እንጂ መልኩ ለገጠመ ሁሉ አይሰጥም ነበር። የምኒልኩ ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው ኋላ ራስ እስከ መባል ደርሰዋል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው ሠራዊቱ የሚቆመው በአንድ ሰው አካል ላይ ስለነበረ ነው። ደብረ ታቦር ለዚህ ምስክር ናት። በ1834 ዓ.ም. የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ እዚያ የከተማዋን ገዥ ራስ ዓሊን ድል ነሡ፤ ዓሊ ሸሹ። አሸናፊው ደስታውን ሲያከብር ግን የዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ውቤን ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ማረኩ፤ ድሉም ለሸሸው ሰው ሆነ። ፊልም ቢሆን ደራሲው አጋነነ ይባል ነበር።

ሌላውን ለሞት አስቀድሞ መደበቅ ፈሪነት ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ንጉሥ ከጦር ሜዳ ርቆ ቢቀመጥ አምሳያ ምን ያደርግለታል? አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ራሳቸው ገብተው ሲዋጉ ቆሰሉ፤ ወደ ድል የተጠጋው ሠራዊትም ተፈታ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ከቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ ይነሣል። ሰውየው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው። ቀድሞ የደብረ ታቦሩ ራስ ዓሊ ሰው ነበር፤ ዓሊ ከወደቁ በኋላ ለቴዎድሮስ አደረ። ፈረንጅ የሐበሻ ንጉሥ መስሎ ማንን ያታልላል? በአቧራና በባሩድ ጭስ መካከል ከሩቅ የሚለየው ፊት ሳይሆን ልብስና ፈረስ ነው ማለት ይቻላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ይህ መልስ ግማሽ ነው። ማዕረጉ ከማስመሰል ይልቅ ታማኝነትን የሚመዝን ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። ለንጉሡ የታሰበውን ሞት የሚቀበል ሰው ንጉሡን መምሰል ግድ አይለውም። ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 ከዓመፀኛው ጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ቴዎድሮስን ሲከላከል ወደቀ። ንጉሡም የጋረድን ምርኮኞች አስፈጀ።